የክላሪኔቱ ማኅተም ምን ይመሰክራል?

በአዲስ አበባ አሮጌ የሙዚቃ መሣሪያ በተገኘበት ቤት ሁሉ ከመሣሪያው ጋር የተቀመጠ አንድ ታሪክ አይጠፋም። ያ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ዘመናት በአንዱ ይጀምራል፤ ወይ ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ለዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ከመጡት የነሐስ መሣሪያዎች፣ አለዚያም ከአርባ ልጆች። ሁለቱም እውነተኛ ታሪኮች ናቸው። ነገር ግን አርባ ልጆች አመጧቸው የሚባሉት ጡሩንባዎችና ክላሪኔቶች ሁሉ አንድ ቦታ ቢሰበሰቡ፣ ልጆቹ አርባ ሳይሆኑ አራት መቶ ነበሩ ያሰኛል።

የአርባ ልጆችን ነገር ለማያስታውሱ አንባቢያን በአጭሩ ላንሣው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ በኢየሩሳሌም አለፉ። እዚያም በቱርክ ከደረሰባቸው ፍጅት ተርፈው በአርመን ገዳም የተጠጉ ወላጅ አልባ ልጆች የማርሽ ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ፤ ወደዷቸውም፤ አርባዎቹንም ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የሚባሉ አርመናዊ ሙዚቀኛ ነበሩ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ላይ የተሰማው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መዝሙር ዜማ የእኚሁ ሰው ድርሰት ነው። እንዲህ ካለ ታሪክ ጋር የራስን ዕቃ ማዛመድ የማይመኝ ማን አለ?

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ክላሪኔትም ከዚሁ ወገን ነው የተባለ ነበር። ባለቤቱ በዘመኑ በአንድ የጦር ሠራዊት ማርሽ ባንድ ያገለገሉ ሰው ሲሆኑ፣ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ባለቤታቸው፣ እኔ እትዬ የምላቸው የሰፈራችን እናት፣ ሣጥኑን ከአልጋ ሥር አውጥተው ላኩብኝ። በወጣትነቴ በትምህርት ቤት ባንድ ክላሪኔት መንፋቴን ያውቃሉ። አሜሪካ ያለች የልጅ ልጃቸው አሮጌ የሙዚቃ መሣሪያ የሚሰበስብ ሰው አግኝታለች። ሰውዬው ዕቃው በእርግጥ በ1916 ዓ.ም. የመጣ ከሆነ ዳጎስ ያለ ዋጋ እንደሚከፍል፣ ነገር ግን ትክክለኛነቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት እንደሚፈልግ ነግሯታል። በዚህ ገንዘብ የሚያፈስ ጣሪያ ሊታደስ ታስቧል። ስለዚህ ነገሩ የታሪክ ብቻ አልነበረም።

ሣጥኑን ስከፍት ከፋዩ አልቆ እንጨቱ ብቅ ብሏል። ክላሪኔቱ ግን በቦታው አለ፤ ላይኛው አካሉ ላይም በደበዘዘ የወርቅ ቀለም «ቡዚ ኤንድ ሆክስ፣ ለንደን» የሚል ማኅተም ይነበባል።

ማኅተም ሲያዩ ብዙዎች ምርመራው ያለቀ ይመስላቸዋል። በክላሪኔት ዓለም ግን ማኅተም የምርመራው መጀመሪያ ነው። ምክንያቱ በዚህ መሣሪያ ታሪክ ውስጥ ስም ሲዋስ፣ ሲሸጥ፣ ሲወረስ፣ አንዳንዴም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሲለጠፍ መኖሩ ነው። የመሣሪያው አነሳስ ራሱ በአንድ ሰው ቃል ላይ የቆመ ነው። ክላሪኔትን የፈለሰፈው የኑረምበርጉ ዮሐን ክሪስቶፍ ዴነር ነው የምንለው፣ ዶፐልማየር የተባለ የዚያው ከተማ ሰው እ.ኤ.አ. በ1730 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ብሎ ስለጻፈ ነው። ያን ጊዜ ዴነር ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

ከዚህ የባሰም አለ። ዛሬ በአብዛኛው ዓለም የሚነፋው ክላሪኔት «የቦም ሥርዓት» ይባላል። ቴዎባልድ ቦም ግን የሙኒክ የዋሽንት ሊቅ እንጂ ክላሪኔት ሠሪ አልነበረም። በእርሱ ዋሽንት ላይ የነበሩትን ቀለበት ያላቸውን ቁልፎች ለክላሪኔት እንዲስማሙ አድርገው የቀየሱት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የፓሪሱ አስተማሪ ያሳንት ክሎዜና መሣሪያ ሠሪው ሉዊ ኦጉስት ቡፌ። ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ1839 ለሕዝብ አሳዩ፤ በ1844 የፈጠራ መብት አወጡበት። ክብሩ ግን ክላሪኔት ላልሠራው ሰው ሆነ።

ቡፌ ስንል ደግሞ ሌላ መምታታት ይመጣል። ሉዊ ኦጉስት ቡፌ ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ የታወቀው የቡፌ ክራምፖን ድርጅት ባለቤት አልነበረም። ያ ድርጅት የተመሠረተው ከዚያው ቤተሰብ በወጣ በሌላ ቡፌ፣ እ.ኤ.አ. በ1825 በፓሪስ ነው። ክራምፖን የሚለው ስም የመጣው የመሥራቹ ልጅ ካገባት ሴት ነው። እንግዲህ በአንድ አሮጌ ክላሪኔት ላይ «ቡፌ፣ ፓሪስ» ተብሎ ቢገኝ ገና ጥያቄ አለ፤ የትኛው ቡፌ?

የቡፌ ቤተሰብ የመጣው በኖርማንዲ ካለችው ላ ኩቱር ቡሴ ከምትባል መንደር ነው። ይህችን መንደር ሳያውቁ የአሮጌ ክላሪኔት ስም ማመን አይገባም። ሕዝቧ ከጥንት ጀምሮ እንጨት በመጥረብና በመቦርቦር ዋሽንት፣ ኦቦና ክላሪኔት እየሠራ የሚኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 የገዛ ራሷን የትንፋሽ መሣሪያዎች ሙዚየም የከፈተች መንደር ናት። ከእርሷና ከአካባቢዋ የወጡ ሠሪዎች ያዘጋጁትን መሣሪያ የፓሪስ፣ የለንደንና የኒውዮርክ ነጋዴዎች እየገዙ የራሳቸውን ስም ያትሙበት ነበር። ነጋዴው ምናልባት በሕይወቱ አንድ ክላሪኔት አልቦረቦረም። ይህ ማጭበርበር አልነበረም፤ የታወቀ የንግድ ልማድ ነበር። ሆኖም ከመቶ ዓመት በኋላ ሣጥኑን ለሚከፍት ሰው መከራ ነው፤ የሚያነበው የሻጩን ስም፣ የሚፈልገው የሠሪውን ነውና።

ታላላቆቹ ድርጅቶችም ስማቸውን አበድረዋል። ኤቬት የቡፌ ሽርካ ስም ነበር፤ በኋላ ግን ርካሽ ለሆኑት ክላሪኔቶች መጠሪያ ሆነ። ከእነዚህ መካከል በሌሎች የፈረንሳይ ሠሪዎች ተሠርተው በቡፌ ዋስትና ብቻ የተሸጡ አሉ። የሴልመርም ነገር እንዲሁ ነው። የፓሪሱ ሴልመር የባለሙያዎች መሣሪያ ሲሆን፣ በአሜሪካ ኢንዲያና የነበረው ሴልመር ደግሞ ቡንዲ የሚባል ለተማሪ የሚሆን የፕላስቲክ ክላሪኔት በብዛት ያወጣ ነበር። ሁለቱም እውነተኛ ሴልመር ናቸው፤ በዋጋቸው መካከል ያለው ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ነው። በቅርብ ዓመታት በኢንተርኔት ገበያ የወጡት ሐሰተኛ ቡፌዎች በዚህ ሁሉ ላይ የተጨመሩ ናቸው። እነርሱን መለየት አንዳንዴ ይቀላል፤ ሐሰተኛው ማኅተሙን አሳምሮ ቁልፉን ያበላሻልና።

ወደ እትዬ ክላሪኔት እንመለስ። ቤተሰቡ ከእኔ በፊት አንድ ምርመራ አድርጎ ነበር። ታናሹ ልጃቸው ቁልፎቹ ብር ናቸው ብሎ ፒያሳ ወርቅ ቤት ወስዶ አስፈትኗል። አንጥረኛው ፈትኖ ብር የሚባል የለበትም ቢለው፣ ቤተሰቡ ክላሪኔቱ ሐሰተኛ ነው ብሎ አዝኖ ሰነበተ። አንጥረኛው ልክ ነው፤ ቤተሰቡ ተሳስቷል። የአብዛኛው ክላሪኔት ቁልፍ የሚሠራው ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ ቅልቅል ነው። ፈረንጆች ይህን ቅልቅል «የጀርመን ብር» ይሉታል፤ በውስጡ የብር ሽታ እንኳ የለም። እዚህም ስሙ ነው ሰው ያሳሳተው። በብር የተለበጡ ቁልፎች መኖራቸው እውነት ነው፤ ልባጩ ግን ቆዳ ብቻ ነው።

ቀጥሎ እንጨቱ። ጥሩ ክላሪኔት የሚሠራው በስዋሂሊ ምፒንጎ ከሚባለው፣ እኛ ዞጲ ከምንለው ወገን ከሆነው ጥቁር እንጨት ነው። በብዛት የሚመጣው ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ሲሆን፣ ዛፉ በእኛም የሰሜን ምዕራብ ቆላ ይበቅላል። ከክብደቱ የተነሣ ውኃ ውስጥ ይሰምጣል። እንጨት መስለው የሚያታልሉት ሁለት ናቸው፤ ፕላስቲክና ኢቦናይት የሚባለው የደረቀ ጎማ። ፕላስቲኩን ለመለየት ወደ ቱቦው ውስጥ በብርሃን መመልከት ይበቃል፤ የእንጨት ጭረት የለውም። ኢቦናይት ደግሞ ብርሃን ሲያገኘው በዘመን ብዛት ወደ ቡናማና ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፤ በአውራ ጣት አጥብቀው ሲያሹት የድኝ ሽታ ያወጣል። የእትዬን ክላሪኔት በመስኮቱ ብርሃን አየሁት፤ አሸሁት፤ አሸተትኩት። ሁለቱ ዋና አካላት እንጨት ናቸው። ጫፉ ላይ ያለው ደወል መሳዩ ክፍልና ከአፉ ሥር ያለው አጭሩ በርሜል ግን ፕላስቲክ ሆነው ተገኙ።

ክላሪኔት አምስት ቦታ የሚፈታ መሣሪያ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ የሚነፋበት አፍ፣ በርሜሉ፣ ላይኛው አካል፣ ታችኛው አካልና ደወሉ። አፉ ከስንት አንዴ ካልሆነ የመጀመሪያው አይሆንም፤ ነፊው እንደ ጥርሱና እንደ ከንፈሩ ይለውጠዋል። በርሜልና ደወልም ይጠፋሉ፣ ይሰበራሉ፣ ይተካሉ። ስለዚህ መርማሪ ዋና ትኩረቱን የሚያደርገው በሁለቱ አካላት ላይ ነው። ብዙ ሠሪዎች በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ያትማሉ። ቁጥሮቹ ከተስማሙ አካላቱ አብረው የተወለዱ ናቸው። የእትዬ ክላሪኔት ቁጥሮች አይስማሙም። አንዱ ስድስት አሃዝ ነው፣ ሌላው አራት። በታችኛው ላይ ደግሞ ከቁጥሩ በቀር የማንም ስም የለም።

ቁመቱንም ለካሁ። ይህን የማደርገው አንድ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ስላለ ነው። ዛሬ ዓለም የተስማማበት የድምፅ ልክ፣ ማለትም ላ የምትባለው ድምፅ በሰኮንድ 440 ጊዜ የምትርገበገብበት፣ እ.ኤ.አ. በ1939 በለንደን ጉባኤ የተወሰነ ነው። ፈረንሳዮች ቀደም ብለው በ1859 በ435 ሕግ አውጥተው ነበር። የእንግሊዝ የጦር ባንዶች ግን እስከ 1920ዎቹ መጨረሻ ድረስ 452 ገደማ በሆነ ከፍ ያለ ልክ ይጫወቱ ነበር። በዚያ ልክ የተሠራ ክላሪኔት ከዛሬው ወደ ሁለት ሳንቲሜትር ግድም ያጥራል። እውነተኛ ነው፣ እንጨቱ ያማረ ነው፣ ማኅተሙ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ከፒያኖ ጋር አብሮ ሊነፋ አይችልም። በርሜሉን አስረዝሞ ማስተካከል የሚመስላቸው አሉ፤ አይሆንም፣ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት ሁሉ ለሌላ ልክ የተቀየሰ ነውና። የእትዬ ክላሪኔት ለዛሬው ልክ የተሠራ ነው። አንድ ጥርጣሬ ተወገደ ማለት ነው።

አሁን ወደ ማኅተሙ። ቡዚ አንድ የለንደን ቤት ነበር፤ ሆክስ ሌላ የለንደን ቤት ነበር። ሁለቱም ለጦር ባንዶች መሣሪያ የሚያቀርቡ፣ እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩ ድርጅቶች ነበሩ። የተዋሐዱት እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። ከዚያ በፊት «ቡዚ ኤንድ ሆክስ» የሚባል ድርጅት በምድር ላይ አልነበረም። አርባ ልጆች አዲስ አበባ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። ይህን ለማወቅ አጉሊ መነጽርም ሆነ ኬሚስት አያስፈልግም፤ ስድስት ዓመት መቁጠር ይበቃል። ማኅተሙ ያለበት አካል ከአርባ ልጆች ጋር ሊመጣ አይችልም።

ይህን ለእትዬ መንገር አልቀለለኝም። ቡናው እስኪወርድ ጠብቄ ነገርኳቸው። ልጆቻቸው ፊታቸው ጠቆረ። እሳቸው ግን ሲኒውን እያቀበሉኝ፣ «አርባ ልጆች አመጡት ያለ ማን ነው? እሱ እኮ የሚለው አርመን አስተማረኝ ነበር» አሉ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አባትየው «አርመን አስተማረኝ» ያሉት በልጆቹ አፍ «አርመን ሰጠኝ» ሆነ፤ በልጅ ልጆቹ አፍ «አርባ ልጆች ያመጡት» ሆኖ ውቅያኖስ ተሻገረ። የቃል ታሪክን የምንሰበስብ ሰዎች እንዲህ ያለውን መንገድ ብዙ ጊዜ እናየዋለን፤ የተጨመረውን ለመግፈፍ የመጀመሪያዋን ተናጋሪ ማግኘት ያስፈልጋል። የአርመን መምህራን ደግሞ ከአርባ ልጆች በኋላም በአገራችን የሙዚቃ ቡድኖች ውስጥ ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል፤ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ከእነርሱ በይበልጥ የሚታወቁት ናቸው። ስለዚህ የሟቹን ቃል የሚያስተባብል ነገር የለም።

የሚቀረው ታችኛው አካል ነው። መሣሪያው ራሱ ዝም ሲል ከመሣሪያው ውጭ ምስክር መፈለግ የተለመደ ነው። በዚህ ረገድ የሞዛርትን ክላሪኔት ያህል የሚያስደንቅ ምሳሌ አላውቅም። ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1791፣ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ለወዳጁ ለአንቶን ሽታድለር የክላሪኔት ኮንቸርቶ ጻፈ። የሽታድለር ክላሪኔት ከተለመደው ይልቅ ወደ ታች የሚወርዱ ተጨማሪ ድምፆች ነበሩት። የሞዛርት የእጅ ጽሑፍ ጠፋ። በ1801 የታተመው ቅጂ ለተለመደው ክላሪኔት እንዲስማማ ተደርጎ የታረመ ነበር፤ በዓመቱ አንድ የላይፕዚግ መጽሔት ይህንኑ ገልጾ ጽፏል። መሣሪያውም የለም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሠሪዎች የሽታድለርን ክላሪኔት በግምት፣ ቀጥ ያለና ረዘም ያለ አድርገው ይሠሩት ነበር። በ1990ዎቹ ግን ፓሜላ ፑሊን የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በላትቪያ ዋና ከተማ በሪጋ፣ ሽታድለር በ1794 ያቀረባቸውን ኮንሰርቶች ፕሮግራም አገኙ። በወረቀቱ ላይ የመሣሪያው ሥዕል ተቀርጿል፤ ታችው ታጥፎ እንደ ቅል ክብ በሆነ ጫፍ ያልቃል። ሁለት መቶ ዓመት የተገመተው ነገር በአንዲት የመግቢያ ወረቀት ተቃና።

እኔም እትዬን ፎቶግራፍ ካለ ብዬ ጠየቅሁ። ነበረ። ባለቤታቸው በደንብ ልብሳቸው ቆመው ክላሪኔቱን ደረታቸው ላይ አግድመው ይዘዋል። ከጀርባው በሰማያዊ ቀለም 1948 ዓ.ም. ተብሎ ተጽፏል። ላይኛውን አካል እጃቸው ሸፍኖታል። ታችኛው ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ በትንሿ ጣት ከሚጫኑት ቁልፎች አንዷ ከጓደኞቿ የተለየች፣ ሰፋ ያለች፣ እንደ ባቄላ የተጠማዘዘች ናት። ክላሪኔቱን አነሣሁና ተመለከትኩ። ያችው ቁልፍ አለች፤ ከናስ በእጅ የተቀጠቀጠች፣ ፋይሏ እንኳ በደንብ ያልለሰለሰ። የትኛውም ፋብሪካ እንዲህ ያለች ቁልፍ አያወጣም። የባንዱ ጠጋኝ ወይም አንድ ቀጥቃጭ የሠራት ናት፤ ቢያንስ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮም እዚያው አለች።

እንግዲህ ሰውዬው በፎቶው ላይ የያዙት መሣሪያ፣ ስም የሌለው ይኸው ታችኛው አካል ነው። በወርቅ ቀለም የለንደን ስም ያለበት ላይኛው አካል በፎቶው ስላልታየ መቼ እንደተጋባ ፎቶው አይናገርም። እትዬ ግን አንድ ነገር ያስታውሳሉ፤ በአንድ በጋ ክላሪኔቱ ተሰንጥቆ ባለቤታቸው ከባንዱ ዕቃ ግምጃ ቤት ከሌላ ከተሰበረ ክላሪኔት «ግማሹን» አምጥተው ነበር። እንጨት በደረቅ ወራት መሰንጠቁ የታወቀ ነው፤ የሚሰነጠቀውም አብዛኛውን ጊዜ የነፊው እርጥብ ትንፋሽ በመጀመሪያ የሚያገኘው ላይኛው አካል ነው። ከሁለት ሙት ክላሪኔት አንድ ሕያው ማውጣት በባንዶች ቤት እንግዳ አልነበረም። ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን «የተጋባ» ብለው ዋጋውን ይጥሉታል። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም፤ ገበያው ግን የእኔን ስምምነት አይጠይቅም።

የላይኛውን አካል የተሠራበትን ዓመት በትክክል ለሚፈልግ አንድ መንገድ አለ። የቡዚ ኤንድ ሆክስ የመሣሪያ ስብስብና የምርት መዛግብት እ.ኤ.አ. በ2004 በለንደን ለሆርኒማን ሙዚየም ተላልፈዋል። ቁጥሩን ገልብጬ ለልጅ ልጃቸው ሰጠሁ፤ ትጻፍ።

ወረቀቱንም ጻፍኩ። «ላይኛው አካል፣ እንጨት፣ የቡዚ ኤንድ ሆክስ ማኅተም ያለበት፣ ከ1930 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራ። ታችኛው አካል፣ እንጨት፣ የሠሪው ስም የሌለበት፣ ቁጥሩ ከላይኛው የተለየ፣ በ1948 ዓ.ም. ፎቶግራፍ ላይ በባለቤቱ እጅ የሚታይ። አንድ ቁልፍ ከናስ በእጅ የተሠራ። በርሜሉና ደወሉ በኋላ የተለወጡ፣ ፕላስቲክ።» ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

እትዬ አዳምጠው ሲያበቁ፣ «አስተማሪውንስ አልጻፍከውም?» አሉ።

«እሱ ከእንጨቱ ላይ አይነበብም፣ እትዬ።»

«ታዲያ እኔ ነገርኩህ አይደል፣ ልጄ?»

ከታች ጨመርኩት፤ «ባለቤቱ ክላሪኔት የተማሩት ከአርመን መምህር ነው፤ እንደ ሚስታቸው ቃል።»